ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ

ሽማግሌ ወጣቱን ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሁላችንም «አሜን» ብለን እናልፈዋለን፤ ቀባሪ ማጣት ምን እንደሆነ ቆም ብሎ የሚያስብ የለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግን ይህ ምርቃት መዝገብ አለው፣ መዋጮ አለው፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረም ይቀጣበታል። ስሙ አፎቻ ይባላል። የሐረሪ ሰው ትዳር ሲይዝ አፎቻ ይገባል፤ ወንዱ ከወንዶቹ፣ ሴቷ ከሴቶቹ። ሰው ሲሞት አፎቻው መርዶ ያደርሳል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ሬሳ ያነሳል፣ ለቅሶ ይቀመጣል። ልጅ ሲዳር ደግሞ ያው አፎቻ ድግሱን ይሸከማል።

የቀብርና የሠርግ ማኅበር በወንጀል ታሪክ ውስጥ ምን ቤት ነው? የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐረርን የገዙ ሁሉ፣ አሚሩም፣ ፓሻውም፣ ራስ መኰንንም፣ ጣሊያኑም፣ ደርጉም፣ የየራሳቸውን ሕግና የየራሳቸውን እስር ቤት ይዘው መጥተው በየተራቸው ሄደዋል። የሐረርን ሰው እጁን ከመሰንዘሩ በፊት ሁለቴ እንዲያስብ ያደረገው ግን የእነርሱ ሰይፍ ሳይሆን «ነገ ማን ደጄ ይቆምልኛል?» የሚለው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ሁሉንም ሰው እኩል አላስፈራም፤ እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግንቡን እንይ።

ጀጎል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን ተገነባ። ኢማም አሕመድ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ከወደቁ በኋላ ከተማዋ ራሷን የምትከላከልበት ነገር ያስፈልጋት ነበር። ግንቡ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይዞራል። አምስት በሮች ነበሩት። አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በርና ቡዳ በር ሲላቸው፣ ሐረሪዎቹ አስመዲን በሪ፣ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪና በድሮ በሪ ይሏቸዋል። ዛሬ መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከሁሉም ታናሽ ነው፤ ከአሚሮቹ ዘመን በኋላ የተከፈተ።

ሲመሽ በሮቹ ይዘጉ ነበር። በር ከተዘጋ በኋላ ውጭ ያደረ ውጭ፣ ውስጥ ያደረ ውስጥ ነው፤ ሌባም ቢሆን የሰረቀውን ይዞ እስኪነጋ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ግንብ ውስጥ ያድራል። ከግንቡ ሥር ግን ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች ተትተዋል። በሐረሪ ቋንቋ ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጅቡ ሌሊት ገብቶ የየመንገዱን ጥራጊ አጽድቶ ይወጣል። ሰው ተዘግቶበት ጅብ የሚገባበት ከተማ እንግዲህ ማንን ይበልጥ ይፈራ እንደነበር ለመናገር ብዙ ምርምር አያሻም።

በሮቹን አልፎ የገባ ሰው የሚያገኘው ደግሞ ሌላ ጥበቃ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ብዙዎቹ ታጥፈው ታጥፈው አንድ ግቢ ላይ ያልቃሉ። በአንዱ ግቢ በር ሁለት ሦስት ቤት ይወጣል ይገባል፤ የማያውቁት ሰው እዚያ ሲደርስ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይባላል። ቤቱ ውስጥ ሲገቡ ወለሉ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ በሚሄድ መደብ ተከፋፍሏል፤ መደቡ ነደባ ይባላል። ከነደባዎቹ አንዱ አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ማን እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደገባ፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ከመቀመጫው ሳይነሳ ያያል። ከተማው በበር፣ ግቢው በጎረቤት፣ ቤቱ በዓይን ይጠበቃል። አስጎብኚዎች ከመንገዶቹ ሁሉ ጠባቧን «የእርቅ መንገድ» ብለው ያሳያሉ፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ ማለፍ አይችሉምና መታረቃቸው አይቀርም ይላሉ። ለቱሪስት የተቀመመ ወግ ሊሆን ይችላል። ግን ወጉ ከከተማዋ ጠባይ አልራቀም፤ ጀጎል ውስጥ ከባላጋራ መሸሽ አይቻልም።

የአሚሮቹ ፍርድ ምን ይመስል እንደነበር በዝርዝር ከጻፉት አንዱ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. ማብቂያ ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆየ። የበርተን ብዕር ሐረርን አይወድም፣ ሰዎቿንም ያቃልላል፤ ስለዚህ ሲነበብ በጥንቃቄ ነው። ስለ ቅጣት የጻፈው ግን ከየትም የተለቀመ ስድብ አይደለም፤ በሌሎች አገሮች ከምናውቀው ሥርዓት ጋር ይገጥማል።

ነፍሰ ገዳይ ገበያ መሐል ይቀርባል። ዓይኑ ተሸፍኖ እጅና እግሩ ይታሰራል። የሚሰይፈው የአሚሩ ወታደር አይደለም፤ የሟቹ የቅርብ ዘመድ ነው። ዘመድየው በከባድ የሥጋ ቢላ አንገቱን ይመታዋል። ሬሳው ለገዳዩ ወገኖች ተሰጥቶ በእስልምና ሥርዓት ይቀበራል። ምቱ ሳይሆንለት ከቀረ ግን ለገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ምሕረት ይደረግለታል። ይህን ትንሽ ቆም ብለን እናስበው። አሚሩ የሰጠው ገበያውንና ገመዱን ነው። ደሙ የወገን ነው፣ ቂሙም የወገን ነው፣ የእጁ መንቀጥቀጥም የወገን ነው። እጁ የተንቀጠቀጠ ወንድም ምሕረት አደረገ ማለት ነው፤ ሳያውቀውም ቢሆን፣ አውቆም ቢሆን። ስንቱ አውቆ አቅልሎ መትቶ ይሆን? በደጋው ኢትዮጵያም ገዳይ ተፈርዶበት ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ወይ ደም ይመልሳሉ፣ ወይ የደም ካሳ ተቀብለው ይምራሉ። ቁርኣኑና ፍትሐ ነገሥቱ የተለያዩ መጻሕፍት ቢሆኑም ሐዘንተኛውን የፍርዱ ባለቤት በማድረግ ተገናኝተዋል። ዛሬ ዐቃቤ ሕግ «መንግሥት ከሳሽ» ብሎ ሲቆም የሟች እናት ከኋላ ወንበር ላይ ተመልካች ሆና ትቀመጣለች። መሻሻል ነው፤ ያጣነው ነገር ግን አለ።

ለሌላው ጥፋት ሌላ ቅጣት ነበር። የሰረቀ እጁ ይቆረጣል። ጩቤ የመዘዘ በአሚሩ ፊት ሁለት ሰዎች ደረቱንና ጀርባውን በጅራፍ ይገርፉታል፤ አሚሩ በቃ እስኪል። መቀጮና ውርስም በጣም የተወደዱ ቅጣቶች ነበሩ፤ ለምን እንደተወደዱ ግልጽ ነው፣ ገንዘቡ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል። በርተን ከከተማዋ ውጭ አንድ ሽማግሌ አግኝቷል። የሰውዬው ልጅ ሰው ገድሎ ሲያመልጥ የአባቱ የአትክልት ቦታና ንብረት በሙሉ ተወርሶበታል። ጥፋቱ የልጁ ነው፣ የተቀጣው አባት ነው። ለእኛ ግፍ ነው፤ ለዚያ ዘመን ግን ወንጀል መከላከያ ነበር። አባት ልጁን እንዲጠብቅ ከመሬቱ የበለጠ መያዣ የለም።

እስር ቤቱ ለሌባ አልነበረም። ሰንሰለት ለመንግሥት ጠላት ነበር፤ የመንግሥት ጠላት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአሚሩ የአጎት ልጅ ነው። በርተን ሲደርስ የአሚር አሕመድ ሦስት የአጎት ልጆች ታስረው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ኋላ ሞቶ ከነሰንሰለቱ ተቀብሯል። የጎንደር ነገሥታት ወንድሞቻቸውን ወህኒ አምባ ላይ አስቀምጠው እንደጠበቁ ሁሉ የሐረር አሚሮችም ወገኖቻቸውን በብረት ይዘው ነገሡ። ሁለቱ ቤተ መንግሥቶች በሃይማኖት ተለያይተው በፍርሃት ግን አንድ ነበሩ።

እስረኛው ከመንግሥት ምግብ አያገኝም ነበር። ወይ ቤተሰቡ ያመጣለታል፣ ወይ ይገዛል፣ ወይ ጠባቂዎቹን ይለምናል። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ አይደነቅም። ዛሬም በየከተማው በእስር ቤት ደጃፍ ጠዋት የስንቅ ወረፋ አለ። እናት ምሳ ዕቃ በነጠላዋ ሸፍና ትቆማለች፣ ተራዋ ሲደርስ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ጠባቂው «ቅመሺ» ይላታል፤ አንድ ጉርሻ በፊቱ ጎርሳ ትውጣለች፣ ከዚያ ይገባል። መንግሥት ራሽን መስጠት ከጀመረ ስንት ዘመን ሆነው፤ ስንቅ የሌለው እስረኛ ግን አሁንም ሌላው እስረኛ ያውቀዋል። ስንቅ የሚያመጣ አለው ማለት ሰው አለው ማለት ነው።

የቃዲው ችሎት ከዚህ ሁሉ ጸጥ ያለ ነበር። አሚሩ በችሎት ቢቀመጥም ብዙውን ጉዳይ ቃዲው ይጨርሰው ነበር። ውርስ፣ ጋብቻ፣ የመሬት ሽያጭ፣ ዕዳ በመዝገብ ይጻፋል፤ ከእነዚህ የሐረር መዛግብት ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ለእኔ ከጅራፉ ይልቅ ወንጀልን የተከላከለው ይህ መዝገብ ነው። ድንበሩ የተጻፈለት ሰው በድንበር አይጋደልም።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም መዝገብ ውስጥ እንደ ወንጀል አልተጻፈም። ሐረር የባሪያ ገበያ ነበረች። ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር፣ በአሚሩ ሕግም መሸጡ አያስቀጣም ነበር። ደጋውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ባርነት በኢትዮጵያ ፈጽሞ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ስለ ወንጀል ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን መዝለል የለበትም፤ የአንድ ከተማ ጸጥታ ስንመሰክር ያ ጸጥታ በማን ጫንቃ ላይ እንደተኛ መጠየቅ አለብን።

ግብፆች በጥቅምት 1868 ዓ.ም. በራዑፍ ፓሻ መሪነት ገቡ። አሚሩን ገድለው ጀመሩ፤ አሥር ዓመት ገዝተው በ1877 ዓ.ም. ወጡ። ለሕጉ ታሪክ ያመጡት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የሐረር ሰው የራሱ ያልሆነ መንግሥት ሲያስረው ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ብዙ ሳይቆይ ሁለተኛውን አየ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ፣ ግብፆች ከወጡ በኋላ የነገሠው የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ተሸነፈ። ሐረሪዎች የቤታቸውን ነደባ ቀይ የሚቀቡት የጨለንቆን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል።

ራስ መኰንን ሐረርን ከዚያ ጀምሮ በ1898 ዓ.ም. እስኪያርፉ ገዙ። በእርሳቸው ዘመን በአንድ ገበያ ላይ የሚገናኙት ሰዎች በሦስት አራት ሕግ ይተዳደሩ ነበር ማለት ይቻላል። ግንቡ ውስጥ ቃዲው አለ። ከግንቡ ውጭ ያለው ኦሮሞ ነፍስ ሲጠፋ በጉማ ይታረቃል። ሱማሌው የራሱ የካሳ ሥርዓት አለው፤ እንግዳም ወደ አገሩ ሲገባ ስለ እርሱ መልስ የሚሰጥ አባን መያዝ አለበት፣ እንግዳውን የዘረፈ አባኑን እንደደፈረ ይቆጠራል። ከሸዋ የመጣው ሹምና ወታደር ደግሞ ቁራኛውንና አውጫጭኙን ለምዶ መጥቷል። በቁራኛ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ለባዕድ ፎቶ አንሺ ትርኢት ነበር። ለሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዳኛው ደጅ ሳይደርሱ መታረቂያ መንገድ ነበር፤ ሰንሰለት የሰው ትዕግሥት ቶሎ ይጨርሳል።

አውጫጭኝ የተለየ ነው። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪጠቆም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ከብቱ ሳይጠጣ፣ እርሻው ሳይታረስ ይውላል። ካልተገኘ ሁሉም ይከፍላል። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል ከሚል ሐሳብ የተነሳ ነው፣ ሐሳቡም ትክክል ነው። ክፋቱ የተጠላ ሰው፣ ዘመድ የሌለው ሰው፣ መጤ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር ማመቸቱ ነው። መንግሥት የጎረቤትን ዕውቀት በጉልበት ሊወስድ ሲሞክር እውነትንም ሐሜትንም አብሮ ይወስዳል።

የአሚሮቹና የጎንደር ነገሥታት የወገን እስር በዘመነ ምኒልክና ከዚያ በኋላም አልቀረም። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው፣ ተይዘው፣ ሰላሌ ላይ ታስረው ከቆዩ በኋላ በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና ሲያዙ የተላኩት ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ነው። እስከ ሞታቸው፣ እስከ 1928 ዓ.ም.፣ እዚያው ታስረው ነበሩ። የበርተን አሚር ቢያየው እንግዳ አይሆንበትም ነበር።

በአማርኛችን ለእስር ቤት ያሉንን ቃሎች ስናይ ታሪኩ ራሱ ይታያል። ወህኒ የምንለው ከመሳፍንቱ ተራራ ነው። ከርቸሌ የምንለው ከጣሊያንኛው ካርቸሬ ነው። ማረሚያ ቤት የምንለው ደግሞ የቅርብ ጊዜ የመንግሥት ቃል ነው፤ ሰውን ይለውጣል የሚል ተስፋ ያለበት። የሰፈር ሰው ግን እስከ ዛሬ «ከርቸሌ ገባ» ይላል። ቃሉን አዋጅ አልለወጠውም።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ ሕግ ዘነበ። በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጁ፣ ፖሊስም በአዋጅ ተቋቋመ፣ የቃዲዎች ችሎትም በመንግሥት ዕውቅና አገኘ፤ ግን በጋብቻና በውርስ ብቻ፣ ወንጀል ከእጁ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለአጥቢያ ዳኛ ትንሽ ቦታ ተወለት፦ ስድብ፣ ድብድብ፣ ዋጋው ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆት። መቀጮው ከ15 ብር አይበልጥም፣ ዳኛውም በቅድሚያ ለማስታረቅ እንዲሞክር ታዟል። የአገሬው ሽማግሌ ለዘመናት ሲሠራው የኖረው ሥራ 5 ብር ተተመነለት።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሐረሪ ማኅበረሰብ በወረቀቱ የተጻፈውን ያህል ለስላሳ አልነበረም። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ ከሚባለው የፖለቲካ እንቅስቃሴ ጋር በተያያዘ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፣ ንብረትም ተያዘ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ፈለሰ። መንግሥት ሴራ ብሎ ያሰራቸውን ሰፈሩ አልናቃቸውም። ወንጀለኛ የሚለው ቃል ከፍርድ ቤቱ ቢወጣም፣ ቃሉን የሚያጸድቀው ወይም የሚሽረው ለቅሶ ቤት ነው።

ወደ አፎቻው እንመለስ። የሐረር ሰው ዘመዱን፣ የልብ ጓደኞቹንና አፎቻውን ይዞ ይኖራል። ዘመድን ማንም አይመርጥም፤ ጓደኛን ራስ ይመርጣል፤ አፎቻ ግን ከሁለቱም ይለያል፣ እዚያ የሚቀመጡት ጎረቤቶች አንዳንዶቹ ዘመድም ወዳጅም አይደሉም። ቁምነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዘመድ ለዘመዱ ያደላል፣ ጓደኛ ይሸፍናል፤ አፎቻ ግን ለማንም የተለየ ፍቅር የለበትም፣ የሁሉንም ጉዳይ ግን ያውቃል። ማን ከማን ጋር በመሬት ተጣላ፣ የማን ልጅ ማታ ይዞራል፣ ማን ያልሠራበትን ገንዘብ ያጠፋል። በቀብር፣ በሠርግ፣ በጫት መቀመጫ ላይ ወሬው ይመጣል። ፖሊስ መረጃ የሚለውን እነርሱ ወሬ ይሉታል።

ቅጣቱም ቀላል ነው፤ ስለዚህም ይከብዳል። በቀብር የቀረ መቀጮ ይከፍላል። ደጋግሞ የቀረ፣ ደንብ የጣሰ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው አይገረፍም፣ አይታሰርም፣ ገበያም አይከለከልም። አባቱ ሲሞት ግን ደጁ ጭር ይላል። ሬሳ ያለ ሰው፣ ድግስ ያለ ሰው፤ በአምስት በር በተዘጋች ከተማ ከዚህ የሚብስ ስደት የለም። ተመራማሪዎቹ ፒተር ኮንና ሲድኒ ዋልድሮን በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር አፎቻን ሲያጠኑ ያስተዋሉት ሌላ ነገር አለ፦ አፎቻ በሕዝቡና በአስተዳደሩ መካከል ድልድይ ሆኖ ያገለግል ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን ማናገር ሲፈልግ የሚያናግረው አፎቻዎቹን ነበር።

ደርግ ይህን ድልድይ በሌላ ሊተካው ሞከረ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተፈጠረ፤ ቀጥሎም ለቀበሌው የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድ ተሰጠው። ቀበሌ ከአውጫጭኝ ጋር ዝምድና አለው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያጋልጥ ይፈልጋል፣ አሁን ግን ሜዳው ላይ መሣሪያ የያዘ ልጅ ቆሟል። በዚያ ዘመን አፎቻ ስለ ፖለቲካ ምንም አላለም፣ ሊልም አይችልም ነበር። ሬሳ ማንሳቱን ግን አላቆመም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሸንጎው አብሮ ወደቀ፤ ማግስቱን ሰው ሲሞት የመጣው አፎቻው ነው።

እስካሁን አፎቻን ካሞገስኩ በቂ ነው፤ አሁን ወደ ጉድለቱ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የሐረሪ ክልል 183,415 ሰው ነበረው። ከመቶ 56 ያህሉ ኦሮሞ፣ 23 ያህሉ አማራ፣ ሐረሪው 9 እንኳን አይሞላም። የሐረሪ አፎቻ የሚጠብቃቸው እንግዲህ ከአሥር ሰው አንዱን አያክሉም። ቃሉ ራሱ ግንቡን ዘሏል፤ የሐረርጌ ኦሮሞ አፎሻ ይለዋል፣ አማራውና ጉራጌው በእድሩ ይኖራል። ይህ መልካም ነው። ግን ከገጠር መጥቶ በወር ኪራይ አንዲት ክፍል የተጋራው፣ የጀጎል አደባባይ በሆነው ፈረስ መጋላ ላይ ዕቃ ተሸክሞ ውሎ የሚያድረው ወጣት በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። መዋጮ አይከፍልም፣ ለቅሶ አይጠራም። ስለ ጸጥታ ስብሰባ ሲደረግ ግን የሚነሳው ስሙ ነው፤ «ሥራ ፈቱ» ይባላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጭነት ሲያወርድ ያደረ ሰው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ስሙን ቀይሯል። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይባል የነበረው የወንጀል ሕግ ተባለ፤ ከሰው መቅጣት ወደ ድርጊቱ ዞረ። ሐረር ውስጥ ክብር ተብሎ ይሠራ የነበረው የሴት ልጅ ግርዛት በአንቀጽ 565 እና 566 ወንጀል ሆነ። ሚስት መደብደብ በአንቀጽ 564 ስሙ ተጠርቶ ተጻፈ። እነዚህ አሚሩም፣ ቃዲውም፣ ራስ መኰንንም ያልከሰሱባቸው ጥፋቶች ናቸው። አፎቻውም አልከሰሰም። ከዚህም አልፎ፣ በየአገሩ ሽምግልና እንደሚያደርገው ሁሉ፣ «ትዳር አይፍረስ» እያለ ስንቱን ሸፍኗል። ቤት ለቤት የሚያውቅ ማኅበር የማን ሚስት በሌሊት እንደጮኸች አለማወቁን አላምንም።

የሴቶቹ አፎቻ ላይ ግን ተስፋ አለኝ። ሰብሳቢዋ፣ ገንዘብ ያዧ፣ የምታነሳው፣ የምታስተኛው ሴት ናት፤ የተገረዘችውን ልጅ ማን እንደገረዛት፣ የተደበደበችውን ማን እንደደበደባት ከማንም ፖሊስ በፊት የምታውቀው እርሷ ናት። ማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል እያለ ፖሊስ የሚጠራው ስብሰባ እርሷን ካላስቀመጠ ለፎቶ የተጠራ ነው። ሰብሳቢዎቹንም እለምናለሁ፦ የሚታረቀውን አስታርቁ፣ የማይታረቀውን ለፍርድ ቤት ስጡት፣ ምስክር ሲጠራም ቁሙ። በደንባችሁ ላይም አንድ መስመር ጨምሩ፤ የግቢያችሁ ተከራይ፣ የመጋላችሁ ተሸካሚ ትንሽ መዋጮ ከፍሎ የሚገባበት።

የጀጎል በሮች ዛሬ ሌሊት አይዘጉም። ፈረስ መጋላ ላይ የሞተውን፣ ቀባሪ የሌለውን፣ የሚቀብረው ማዘጋጃ ቤት ነው።